ቫይረስ ቆሽትን እንዴት ይጎዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጃቸው ስኳር የተገኘበት ወላጆች፣ ጆሮ ደግፍ ይዞት ሆዱን ያመመው ሰው፣ ከኮቪድ በኋላ ስኳሩ የጨመረበት ሰው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ።

ቆሽት የቱ ነው? ከጣፊያ ጋር አንድ ነው እንዴ?

አንድ አይደሉም፤ ግን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ስር ያለ፣ ደም የሚያጣራ አካል ነው። ቆሽት ደግሞ ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የተኛ ለስላሳ ዕጢ ሲሆን አዋቂ ሰው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከኋላ ተደብቆ ስለሚገኝ ሲታመም ብዙዎች «ጨጓራዬ ነው» ብለው ያልፉታል።

ሁለት ሥራ አለው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ቫይረሱ የሚያደርሰው ጉዳት የቱ ክፍል ላይ እንዳረፈ ነው ቀጥሎ የሚመጣውን የሚወስነው። አብዛኛው ቆሽት አሲናር በሚባሉ ሴሎች የተሞላ ነው። እነዚህ ምግብ የሚያብላሉ ኢንዛይሞችን ሠርተው በቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካሉ። በመሃላቸው ደሴቶች የሚባሉ ጥቃቅን የሴል ክምችቶች ተበትነው ይገኛሉ። ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በ1869 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ገና ወጣት ተማሪ ሳለ ነው የገለጻቸው። ቁጥራቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል፤ ተደምረው ግን ከቆሽቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርገውን ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሴሎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

የትኞቹ ቫይረሶች ናቸው ቆሽትን የሚነኩት?

ቀድሞ የታወቀው ጆሮ ደግፍ ነው። በጣም የተጠናው ደግሞ ኢንቴሮቫይረስ የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ፖሊዮም የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ከእነሱ መካከል ኮክሳኪ ቢ የሚባለው ቡድን ከቆሽት ጋር ስሙ ተደጋግሞ ይነሳል። ባልታጠበ እጅ፣ በውሃ፣ በምግብ ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳትና ጉንፋን መሳይ ነገር አሳይቶ ያልፋል፣ አንዳንዴም ምንም ሳያሳይ። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሩቤላ፣ ኮቪድም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ይህን አንብባችሁ እንዳትደነግጡ። እነዚህ ቫይረሶች ከያዟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቆሽታቸው ምንም አይሆንም። ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ይዞት ሆስፒታል የገባ አዋቂ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የሐሞት ጠጠርና መጠጥ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ወስፋት ወደ ቱቦው ገብቶ መዝጋቱም አለ። ቫይረስ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቫይረሱ ወደ ቆሽት ሴል እንዴት ይገባል? ቤታ ሴልን ለምን ይመርጣል?

ኮክሳኪን እንውሰድ። በአፍ ይገባል፣ አንጀትና ጉሮሮ አካባቢ ይራባል፣ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል፣ በደም ቆሽት ይደርሳል። መድረስ ብቻውን ግን አይበቃም። ቫይረስ ሴል ውስጥ የሚገባው በሴሉ ላይ የሚገጥመውን ፕሮቲን ካገኘ ነው። ለኮክሳኪ ቢ ይህ ፕሮቲን የኮክሳኪና የአዴኖ ቫይረስ ተቀባይ ይባላል፤ የሰው ቤታ ሴል ደግሞ ይህ ፕሮቲን በብዛት አለው።

የሚገርመው ፕሮቲኑ የተገኘበት ቦታ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቤታ ሴል ውስጥ አንዱ ዓይነት ተቀባይ የሚቀመጠው ኢንሱሊን በሚከማችባቸው ከረጢቶች ሽፋን ላይ ነው። ምግብ ስንበላ ከረጢቶቹ ከሴሉ ጠርዝ ጋር ይዋሃዱና ኢንሱሊኑን ያፈሳሉ፤ በዚያች ቅጽበት ተቀባዩም ወደ ውጭ ይጋለጣል ማለት ነው። ቫይረሱ በዚህ መንገድ ይገባል የሚለው ገና ግምት ነው። ግን ሴሉ ዋና ሥራውን በሠራ ቁጥር ራሱን ያጋልጣል ማለት ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ ግምት አይደለም።

ሌላም አለ። እዚያው ደሴት ውስጥ አጠገቡ ያሉት አልፋ ሴሎች ቫይረስ ሲገባባቸው ፈጥነው ራሳቸውን ይከላከላሉ። ቤታ ሴል በዚህ ደካማ ነው።

ከገባ በኋላ ሴሉ ውስጥ ምን ይሠራል?

ወፍጮ ቤት ሰብሮ ገብቶ የሰፈሩን እህል አስወጥቶ የራሱን ብቻ እንደሚያስፈጭ ሰው ነው። ኮክሳኪ የራሱ መቁረጫ ኢንዛይም አለው። ያ ኢንዛይም ሴሉ የራሱን ፕሮቲን ለመሥራት የሚጠቀምበትን አንድ ቁልፍ ፕሮቲን ይቆርጥበታል። ከዚያ በኋላ የሴሉ ትእዛዝ አይነበብም፤ የቫይረሱ ግን ይነበባል፣ ምክንያቱም የቫይረሱ አር ኤን ኤ (የዘር መመሪያው) ያንን ቁልፍ ሳይፈልግ የሚነበብበት ሌላ መንገድ አለው።

ይህ ለማንኛውም ሴል መጥፎ ነው፤ ለቤታ ሴል ግን ይብሳል። አንድ ቤታ ሴል ሥራ ሲበዛበት በደቂቃ አንድ ሚሊዮን ያህል የኢንሱሊን ሞለኪውል መሥራት ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያጣጥፈው የሴሉ ክፍል ድሮም ጫፍ ላይ ነው ያለው። ቫይረሱ ሲጨመርበት በትክክል ያልታጠፈ ፕሮቲን ይከማቻል፣ ካልሲየም ይዛባል፣ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ይዳከማሉ፣ ሴሉም ወይ ይፈነዳል ወይ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። ሲፈነዳ አዳዲሶቹ ቫይረሶች ወደ ጎረቤት ይዛመታሉ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ሁከት የለውም። አንዳንዴ የኢንቴሮቫይረሱ አር ኤን ኤ ጫፉ ይጎድልና መራባቱ ይቀዘቅዛል፤ ሴሉን ሳይገድል ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ዝም ያለ ኢንፌክሽን ነው ተመራማሪዎችን አሁን ይበልጥ የሚያሳስባቸው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ጆሮ ደግፍ ሲይዝ ሆድ ለምን ያማል?

አንዳንዴ ቫይረሱ ቆሽትንም ስለሚያስቆጣ ነው። እዚህ የሚጎዳው በዋናነት የአሲናሩ ክፍል ነው። አሲናር ሴል ፕሮቲንና ስብ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ይዞ የሚኖር ነው፤ እንዳይጎዱት ግን ሥራ ባልጀመረ መልክ ነው የሚያስቀምጣቸው። ዋናው ትሪፕሲን ነው፤ ሥራ የሚጀምረው አንጀት ከደረሰ በኋላ ነው። ሴሉ ሲጎዳና ውስጡ ካልሲየም ሲበዛ ግን የኢንዛይሙ ከረጢቶች ከሴሉ ቆሻሻ ማስወገጃ ከረጢቶች ጋር ይቀላቀላሉ፣ እዚያ ያለው ካቴፕሲን ቢ የሚባል ኢንዛይም ትሪፕሲኑን ያለቦታው ያስነሳዋል። ከዚያ ቆሽት ራሱን መብላት ይጀምራል። የስብ ኢንዛይሙም አፈትልኮ በዙሪያው ያለውን ስብ ይፈጫል። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ሆኖ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ትውከት ያለበት ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በጆሮ ደግፍ ጊዜ አሚሌዝ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ቆሽት ደህና ሆኖም ቢሆን። ምክንያቱም ያበጡት የምራቅ ዕጢዎችም አሚሌዝ ያመርታሉ። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ላይፔዝ የተባለው ምርመራ የተሻለ ይለያል፤ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ ሕመሙም የሚመስል ከሆነ የቆሽት መቆጣት ነው ይባላል።

ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ለጆሮ ደግፍ የለም። ሕክምናው ፈሳሽ መስጠት፣ ሕመም ማስታገስና መከታተል ነው። አብዛኛው ሰው በቀናት ይድናል። ሕመሙ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ትውከቱ ካላቆመ ግን ቤት ሆኖ ዝንጅብል መጠጣት አይበቃም፤ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ሴሉን የሚገድለው ቫይረሱ ነው ወይስ የራሳችን መከላከያ?

ሁለቱም፤ ግን ቤታ ሴል ላይ አብዛኛውን ጥፋት የሚያደርሰው የራሳችን መከላከያ ይመስላል።

ቫይረስ ሲገባ ሴሉ ውስጥ ኤም ዲ ኤ 5 የሚባል ፕሮቲን የቫይረሱን አር ኤን ኤ ይለየውና ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። ኢንተርፌሮን ጎረቤት ሴሎችን «ተዘጋጁ» ይላቸዋል። ሴሎቹ ኤች ኤል ኤ የሚባሉትን ፕሮቲኖች በገጻቸው ላይ ያበዛሉ፤ በእነዚህ አማካይነት ውስጣቸው ካለው ፕሮቲን ቁራጭ እያወጡ ለነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ። ችግሩ የሚያሳዩት የቫይረሱን ቁራጭ ብቻ አይደለም። የኢንሱሊኑንም፣ የራሱን የቤታ ሴሉንም ቁራጭ ያሳያሉ። በዘሩ ተጋላጭ የሆነ ሰው ላይ እነዚያን ቁራጮች እንደ ጠላት የሚያዩ ገዳይ ቲ ሴሎች ይነሳሉ። ከዚያ ቫይረሱ ቢጠፋ እንኳ ጥቃቱ ሊቀጥል ይችላል። በአንደኛው ዓይነት ስኳር (የራስ መከላከያ ቤታ ሴሎችን ሲያጠፋ በሚመጣው) የሞቱ ሰዎች ቆሽት ሲመረመር ደሴቶቹ ላይ ይህ የኤች ኤል ኤ መብዛት ደጋግሞ ታይቷል።

ለእኔ ከሁሉ አሳማኙ ማስረጃ ከዘር ጥናት የመጣው ነው። በ2006 ኤም ዲ ኤ 5ን የሚሠራው ጂን ከአንደኛው ዓይነት ስኳር ጋር ግንኙነት እንዳለው ተገኘ። በ2009 ደግሞ ይህን ጂን የሚያዳክሙ ብርቅዬ ለውጦች ያሏቸው ሰዎች ስኳሩ የሚይዛቸው ከሌላው ያነሰ መሆኑ ታየ። ልብ በሉ፤ ማንቂያቸው የደከመ ሰዎች ናቸው የተጠበቁት። ገዳዩ ቫይረሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

«ቫይረሱ ከቤታ ሴል ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል መከላከያው ተሳስቶ ነው» የሚለውንም ሰምታችሁ ይሆናል። የኮክሳኪ አንድ ፕሮቲን ጋድ ከሚባለው የቤታ ሴል ፕሮቲን ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ አለው፤ ይህ እውነት ነው። በሰው ላይ በሽታውን የሚያስነሳው ይህ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ልጄ ጉንፋን ይዞት ሳምንት ሳይሞላው ስኳር ተገኘበት። ጉንፋኑ ነው ያመጣው?

በአብዛኛው አይደለም። አንደኛው ዓይነት ስኳር ምልክት ከማሳየቱ ከወራት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በፊት ነው የሚጀምረው። ቤታ ሴሎች ቀስ እያሉ ያልቃሉ፣ የቀሩት ሥራውን ሸፍነው ይቆያሉ። ከዚያ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ሲመጣ ሰውነት ተጨማሪ ኢንሱሊን ይፈልጋል፤ የቀሩት ሴሎች አይችሉም፤ ስኳሩ ይወጣል። ጉንፋኑ ያለውን ነገር ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ጥፋቱን ሊያስጀምር ይችላል የሚባለው ቫይረስ ምናልባት ከሁለት ወይም ሦስት ዓመት በፊት ማንም ያላስታወሰው ትኩሳት ነው። ስለዚህ «ብርድ አስመትቼው ነው» እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ይልቅ መዘግየት የሌለበት ምልክቱ ላይ ነው። ከፍተኛ የውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ማታ አልጋ ማርጠብ ያቆመ ልጅ እንደገና ሲጀምር፣ መክሳት። ሲብስ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ይመጣል፤ ይህ በቀላሉ ከወባ፣ ከታይፎይድ ወይም ከሳንባ ምች ጋር ይምታታል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ደቂቃ አይፈጅም። ካልለኩላችሁ ለኩልኝ በሉ።

በቫይረስ የተጎዳ ቆሽት ያገግማል?

የቱ ክፍል? አሲናሩ ከሆነ ጥሩ ተስፋ አለ፤ ሴሎቹ የመተካት አቅም አላቸው፣ ከቀላል መቆጣት በኋላ ቆሽት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቤታ ሴል ግን ከልጅነት ካለፈ በኋላ እምብዛም አይከፋፈልም። የሞተው በአብዛኛው ሞተ ነው። ደክሞ ኢንሱሊን ማምረት ያቆመ ግን ያልሞተ ሴል ግን ሊነሳ ይችላል፤ አዲስ ታማሚዎች ኢንሱሊን ከጀመሩ በኋላ ለተወሰኑ ወራት መጠኑ የሚቀንስላቸው ለዚህ ነው። ያኔ «ልጁ ዳነ» ብሎ ኢንሱሊኑን ማቆም ወይም ወደ ጠበል ብቻ መሄድ አደገኛ ነው። ጠበሉ ይቀጥል፣ መርፌው ግን አይቋረጥ።

ቫይረስ ስኳር እንደሚያመጣ በእርግጥ ማስረጃ አለ?

አለ፣ ግን እንደየቫይረሱ ይለያያል። ሩቤላ ላይ ግንኙነቱ ግልጽ ነው። በ1964 እና 65 አሜሪካ ውስጥ በተነሳው ወረርሽኝ 20,000 ያህል ሕፃናት ከማህፀን ጀምሮ ተጎድተው ተወለዱ፤ እንዲህ የተወለዱ ልጆች ሲያድጉ ከሌላው ይልቅ ስኳር ይዟቸዋል።

ኮክሳኪ ላይ ነገሩ ረጅም ክርክር ነው። በ1979 አሜሪካ ውስጥ በስኳር ድንገት ከሞተ የ10 ዓመት ልጅ ቆሽት ኮክሳኪ ቢ4 ተገኘ፤ ቫይረሱ ለአይጥ ሲሰጥ አይጦቹም ስኳር ያዛቸው። አንድ ልጅ ግን አንድ ልጅ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ የኮክሳኪ ዝርያዎች አይጥ ላይ አሲናሩን ጠራርገው ደሴቶቹን ነው የሚተዉት፤ አይጥና ሰው እዚህ ላይ አይመሳሰሉም። በ2015 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ስኳር ገና ከተገኘባቸው 6 በሕይወት ያሉ አዋቂዎች ከቆሽታቸው ትንሽ ቁራጭ ወስደው ደሴቶቹ ውስጥ ዝቅተኛ መጠን ያለው ኢንቴሮቫይረስ አገኙ። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በጀርመንና በስዊድን ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ የሚከታተለው ቴዲ የተሰኘው ጥናት ውጤቱን አወጣ። ቫይረሱ የያዛቸው ሁሉ አልነበሩም የተጎዱት፤ ያው አንድ ኢንቴሮቫይረስ ከሰገራቸው ከወር በላይ ሳይጠፋ የቆየባቸው ልጆች ናቸው ቤታ ሴል ላይ ጥቃት ይበልጥ የጀመረባቸው። ዝም ብሎ የሚቀመጠው ቫይረስ ያልኩት ይሄ ነው።

የእኛን ሰዎች የሚመለከትም አለ። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ አንደኛው ዓይነት ስኳር አዲሱ አገር ከኖሩ በኋላ እየበዛ መጥቷል። ዘራቸው አልተቀየረም፤ አካባቢው ነው የተቀየረው። ቫይረስ ይሁን ምግብ ወይም ሌላ ነገር ግን ይህ ብቻውን አይለይም። በተቃራኒው ጎንደርና ጅማ ላይ የተጠኑ ኢንሱሊን የሚወስዱ ብዙ ታማሚዎች ድሃ የገጠር ወንዶች ናቸው፣ የልጅነት የምግብ እጥረት ነው የሚጠረጠረው። ሁሉንም በቫይረስ ማሳበብ አይቻልም።

ኮቪድስ?

በኮቪድ የሞቱ ሰዎች ቆሽት ሲመረመር ቫይረሱ ቤታ ሴሎች ውስጥ ጭምር ተገኝቷል። የሚገባበት ተቀባይ ግን ቤታ ሴል ላይ መኖሩ አከራካሪ ነው፤ በ2020 የወጡ ጥናቶች በብዛት ያገኙት በትንንሽ የደም ሥሮችና በቱቦዎቹ ላይ ነው። በጽኑ የታመመ ሰው ስኳሩ የሚጨምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው፦ የበሽታው ጭንቀት አለ፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒትም ራሱ ስኳር ያወጣል።

ልጆች ላይ የወጡት ቁጥሮች ይጋጫሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ጭማሪው የታየው ኮቪድ በተገኘባቸው የመጀመሪያ ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የለም። ይህ ማለት ምናልባት ልጆቹ በስኳር ታመው ሆስፒታል ሲመጡ ነው ለኮቪድ የተመረመሩት። እኔ ወደዚህ አደላለሁ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤታ ሴልን የሚጨርስ የስኳር ዓይነት አለ?

አለ። በ2000 የጃፓን ሐኪሞች የገለጹት ነው፤ እዚያ ድንገት ከሚነሳው አንደኛው ዓይነት ስኳር 20 በመቶ ያህሉ እንዲህ ነው። ሰውዬው ጉንፋን መሳይ ነገር ይይዘዋል፣ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ የቆሽት ኢንዛይሞቹም ከፍ ይላሉ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ግን መደበኛ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል። ግራ የሚያጋባው እሱ ነው። ምርመራው የሚለካው የከረመውን ስኳር ነው፤ የዚህ ሰው ስኳር ደግሞ እስከ ባለፈው ሳምንት ደህና ነበር። ስለዚህ «የሦስት ወሩ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት መላክ የለበትም።

ክትባት ወይም መድኃኒት አለ?

ለሩቤላና ለጆሮ ደግፍ ክትባት ከተሠራ ቆይቷል። ለኮክሳኪ ቢ የተሠራው የመጀመሪያ ክትባት አዋቂ በጎ ፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ ደህንነቱና አንቲቦዲ ማስነሳቱ ታይቷል፤ ስኳርን ይከላከል እንደሆነ ግን ገና አልተፈተነም። አውስትራሊያ የሮታ (ሕፃናትን የሚያስቀምጥ ቫይረስ) ክትባትን በ2007 ለሁሉም ሕፃናት ከጀመረች በኋላ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ አንደኛው ዓይነት ስኳር 14 በመቶ ቀንሷል። ሌላ ቦታ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ግን ይህን አላሳዩም። የሮታ ክትባት እኛም ጋ ከ2013 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ዋናው ጥቅሙ ተቅማጥን መከላከል ነው፣ ለእሱ ብቻም ቢሆን መከተብ አለባቸው።

መድኃኒትን በተመለከተ በ2023 ከኖርዌይ የወጣው ሙከራ ትኩረት ስቧል። ስኳር በቅርቡ የተገኘባቸው 96 ልጆች ግማሾቹ ፕሌኮናሪልና ሪባቫይሪን የተባሉ ሁለት ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶችን ለ6 ወር ወሰዱ። ዓመት ሲሞላ መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች ቆሽት ካልወሰዱት ይልቅ የበለጠ ኢንሱሊን ያመርት ነበር። ማንም ከኢንሱሊን መርፌ አልወጣም፤ ሙከራውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሪባቫይሪን ከፋርማሲ ፈልጋችሁ ለልጅ እንዳትሰጡ፤ የደም ማነስ የሚያመጣ ከባድ መድኃኒት ነው፣ ፕሌኮናሪል ደግሞ በገበያ ላይ የለም።